ዘ ፍራጃይል፦ የናይን ኢንች ኔይልስ ባለሁለት ሲዲ አልበም እና የገጠመው አቀባበል

«ዘ ፍራጃይል» የአሜሪካው የኢንዱስትሪያል ሮክ ባንድ ናይን ኢንች ኔይልስ ሦስተኛ የስቱዲዮ አልበም ነው። ስሙ «ተሰባሪው» ማለት ነው። በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 1999 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 10 ቀን 1992 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሁለት ሲዲ፣ 23 ሥራዎች እና ከ103 ደቂቃ በላይ ሙዚቃ የያዘ ሲሆን፣ አሳታሚዎቹ ናቲንግ ሬከርድስ እና ኢንተርስኮፕ ናቸው። ሲዲዎቹ እንደተለመደው አንድ እና ሁለት አልተባሉም፤ «ግራ» እና «ቀኝ» ተብለዋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢንዱስትሪያል ሮክ የሮክ ጊታርን ከማሽን ምት፣ ሆን ተብሎ ከተበላሸ ድምፅ እና ከኮምፒውተር ቅንብር ጋር የሚያጋባ ስልት ነው። ናይን ኢንች ኔይልስ ደግሞ ባንድ ይባል እንጂ በዚያ ዘመን የአንድ ሰው ሥራ ነበር፤ ደራሲው፣ ዘፋኙ እና አብዛኛውን መሣሪያ የሚጫወተው ትሬንት ሬዝነር ነው። መድረክ ላይ የሚታዩት ሌሎቹ ሙዚቀኞች በየጊዜው ይቀያየራሉ።

ከአልበሙ በፊት

ሬዝነር ባንዱን በ1988 በክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ መሠረተ። የመጀመሪያው አልበም በ1989 ወጣ። በማርች 1994 የወጣው «ዘ ዳውንዋርድ ስፓይራል» ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት የሽያጭ ሠንጠረዥ በሁለተኛነት ገብቶ ስሙን በዓለም አናኘው። አድማጭ ቀጣዩን አልበም ለመስማት አምስት ዓመት ተኩል ጠበቀ።

የቀረጻው ዘመን

ሬዝነር ከረጅሙ የኮንሰርት ጉዞ ሲመለስ ሰውነቱም መንፈሱም አልቆ ነበር። መጠጥ እና አደንዛዥ ዕፅ ይዘውታል። በልጅነቱ በመርሰር፣ ፔንሲልቬንያ ያሳደጉት አያቱ ክላራ ሬዝነርም በዚሁ መሐል አረፉ። በቀኙ ሲዲ ከሚገኙት ዘፈኖች አንዱ ለእርሳቸው መታሰቢያ የተሰጠ ነው። የኮከብነት ሕይወት ጉዳት ሲነሳ ብዙ ጊዜ ወሬ ይበዛል፤ እዚህ ግን ሰውየው ራሱ በየቃለ መጠይቁ ያልሸሸገው ነገር ነው።

በዚህ ጊዜ ለብቻው ሆኖ ለመጻፍ በካሊፎርኒያ ጠረፍ ቢግ ሰር በተባለ ቦታ የባሕር ዳር ቤት ተከራየ። ብዙ ሥራ አልወጣውም። ከዚያ ይዞት የተመለሰው ዋናው ነገር በፒያኖ የተጠነሰሰ አንድ ዜማ ነው፤ ኋላ «ላ ሜር» የሚል የፈረንሳይኛ ስም አወጣለት፤ ባሕር ማለት ነው። በእኔ ግምት ይህ ዜማ ባይመጣ አልበሙም አይኖርም ነበር።

ዋናው ቀረጻ ከ1997 እስከ 1999 በኒው ኦርሊንስ፣ ማጋዚን በተባለው ጎዳና ላይ በነበረው የሬዝነር ስቱዲዮ ተከናወነ። ሕንፃው ቀድሞ አስከሬን የሚገነዝና ለቀብር የሚያዘጋጅ ድርጅት ነበር። ይህ ያልበቃ ይመስል፣ የስቱዲዮው በር የመጣው በሎስ አንጀለስ ተዋናይት ሻሮን ቴት በ1969 ከተገደለችበት ቤት ነው። ሬዝነር ያለፈውን አልበም የቀረጸው እዚያ ስለነበር፣ ቤቱ ከመፍረሱ በፊት በሩን ነቅሎ ወሰደው። ሌላ ሰው በዚያ በር ሲገባ ያማትብ ነበር።

አብሮት ፕሮዲዩሰር ሆኖ የሠራው እንግሊዛዊው አለን ሞልደር ነው። ሁለቱ ያለ ዕቅድ በሚመስል ሁኔታ፣ ግን ያለ ዕረፍት ሠሩ። ሬዝነር ከተካነበት ሲንተሳይዘር (ድምፅ ከሚፈጥር የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) ይልቅ ወደ ክር መሣሪያዎች አዘነበለ፤ ጊታሩ እንዳለ ሆኖ ቼሎ እና ኡኩሌሌ የመሳሰሉትን፣ በቅጡ የማይችላቸውን ጭምር፣ እያነሳ ያልተቃኘ እና የሚንቀጠቀጥ ድምፃቸውን ቀረጸ። ቀጥሎ ያንን ድምፅ በኮምፒውተር ቆራርጦ መልሶ ሰፋው። አልበሙን በጆሮ ማዳመጫ የሰማ ሰው የጣት እና የክር ፍትጊያ ሳይቀር ይሰማዋል፤ የማሽን ሙዚቃ ነው ተብሎ ለሚጠራ ሥራ ይህ እንግዳ ነገር ነው።

እንግዶቹም ቀላል አልነበሩም። ጊታሪስቱ ኤድሪያን ብሌው፣ ከዴቪድ ቦዊ ጋር የሠራው ፒያኒስት ማይክ ጋርሰን፣ ሄልሜት የተባለው ባንድ አባል ፔጅ ሃሚልተን እና ከበሮ መቺው ቢል ሪፍሊን ተሳትፈዋል። «ኢቭን ዲፐር» በተባለው ሥራ ሚክሲንግ (የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሐድ) ላይ የሂፕ ሆፑ ዶክተር ድሬ እጁን አስገብቷል። የሬዝነር እና የድሬ ስም አንድ ወረቀት ላይ መስፈሩ በጊዜው ብዙ ሰው አስገርሟል።

ሥራው ሲያልቅ ሌላ ችግር መጣ። ሬዝነር እና ሞልደር ከቁሳቁሱ ብዛት የተነሳ የትኛው ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ መለየት አቃታቸው። የፒንክ ፍሎይድን ባለሁለት ዲስክ አልበም «ዘ ዎል» ፕሮዲዩስ ካደረጉት አንዱ የሆነው ቦብ ኢዝሪን ተጠርቶ ቅደም ተከተሉን አስያዘ። በአልበሙ ወረቀት ላይም ለዚሁ አስተዋጽኦው ተመስግኗል። ሽፋኑን የሠራው የግራፊክስ ባለሙያው ዴቪድ ካርሰን ነው፤ በቅርብ የተነሱ የፏፏቴ እና የባሕር ዛጎል ፎቶግራፎችን ምን እንደሆኑ እስኪያጠራጥሩ ድረስ ቆርጦ አዋሐዳቸው።

ይዘቱ

የግራው ሲዲ «ሰምዋት ዳሜጅድ» በተሰኘው ሥራ ይከፈታል። ጥቂት ኖታ የሚደጋግም ጊታር ብቻውን ይጀምራል፤ ከበሮ ይደረብለታል፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፣ ግድግዳ እስኪሆን። ቀጥሎ የሚመጣው «ዘ ዴይ ዘ ወርልድ ዌንት አዌይ» ከበሮ የሚባል ነገር የለውም፤ የጊታር ናዳ እና ሹክሹክታ እየተፈራረቁ ሄደው ቃል በሌለው የኅብረት ዜማ ያልቃል። ይህንን የመጀመሪያ ነጠላ ዜማ አድርጎ በጁላይ 1999 ማውጣት ድፍረት ነበር። ሆኖም በቢልቦርድ የነጠላ ዜማዎች ሠንጠረዥ 17ኛ ሆኖ ገባ፤ ባንዱ ከዚያ በፊት እዚያ አልደረሰም።

አልበሙን አንድ የሚያደርገው ተመላላሽ ዜማ ነው። በ«ዘ ፍሬይል» በፒያኖ ብቻ የሚሰማው ዜማ የአልበሙን ስም በያዘው ዘፈን ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። የ«ላ ሜር» ዜማም በቀኙ ሲዲ «ኢንቱ ዘ ቮይድ» ውስጥ ፍጥነቱ ጨምሮ፣ ለጭፈራ በሚመች ምት ይገኛል። በ«ላ ሜር» መሐል ዴኒዝ ሚልፎርት የተባለች ድምፃዊት ከፈረንሳይኛ በተወለደው የክሪዮል ቋንቋ ወደ ባሕር ስለመመለስ ትናገራለች፤ ከበሮው የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ ከዚያ «ዘ ግሬት ቢሎው» ይቀጥልና የግራው ሲዲ ውኃ ውስጥ እንደሰጠመ ይዘጋል። ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል ይህ ነው ቢባል ብዙ ተከራካሪ አይገኝም።

የቀኙ ሲዲ እንደ ግራው የተያያዘ አይደለም የሚሉ አሉ፤ በመጠኑ እውነት ሊሆን ይችላል። እዚያ ያለው በጣም የተወራለት ዘፈን በዝነኞች ጀርባ የሚንጠለጠሉ ሰዎችን የሚሳደብ ነው። ርእሱ ለጋዜጣ አይመችም፤ ራዲዮ ጣቢያዎችም አንድ ፊደል ቀይረው ነው ያስተዋወቁት። የሬዝነርን የቀድሞ ወዳጅ፣ ዘፋኙን ማሪሊን ማንሰንን ይነካል ተብሎ በሰፊው ተነገረ፤ በ2000 ግን ማንሰን ራሱ ከሬዝነር ጋር ሆኖ የዘፈኑን ቪዲዮ አዘጋጀ።

ገበያው እና ሐያስያኑ

አልበሙ በመጀመሪያው ሳምንት 228,000 ያህል ቅጂ ተሸጦ በቢልቦርድ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ ለባንዱ የመጀመሪያው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት 16ኛ ወረደ። በዚያን ጊዜ ከአንደኝነት በአንድ ሳምንት ይህን ያህል የወረደ አልበም አልታየም ነበርና «ከሸፈ» የሚለው ወሬ ከዚሁ ተነሳ። ወሬው ሚዛናዊ አይመስለኝም። የሁለት ሲዲ ዋጋ ከአንድ ይበልጣል፤ ታማኙ አድማጭ በመጀመሪያው ሳምንት ገዝቶ ጨርሷል፤ ራዲዮ ደግሞ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ረጅም ሙዚቃ አያጫውትም። በጃንዋሪ 2000 አልበሙ ለሁለት ሚሊዮን ቅጂ የሚሰጠውን የድርብ ፕላቲነም ማዕረግ አገኘ። እርግጥ የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር ረጅም ባለሁለት ዲስክ አልበምን እያንዳንዱን ዲስክ ለየብቻ ስለሚቆጥር ቁጥሩ በእጥፍ የሚታይ ነው።

ሐያስያን ተከፋፈሉ። «ስፒን» መጽሔት የ1999 የዓመቱ አልበም ብሎ መረጠው። የሙዚቃ ሒስ ድረ ገጹ ፒችፎርክ በአንጻሩ ከ10 ነጥብ 2.0 ብቻ ሰጠው፤ አሁን ሲነበብ ከሒስ ይልቅ ለመሳቅ የተጻፈ ይመስላል። አብዛኞቹ በመሐል ቆመው ድምፁ ድንቅ፣ ርዝመቱ ከልክ ያለፈ፣ ግጥሙ ግን በራስ ሐዘን ላይ የሚሽከረከር ነው አሉ። የመጨረሻውን ነጥብ ለመካድ ይከብዳል፤ ሬዝነር ጥሩ የሚናገረው አፉን ዘግቶ መሣሪያው ሲናገርለት ነው።

ኮንሰርቶቹ

ጉዞው በ1999 መጨረሻ በአውሮፓ ተጀምሮ በ2000 በሰሜን አሜሪካ ቀጠለ። የቪዲዮ ጥበበኛው ቢል ቫዮላ ለመድረኩ የውኃ ምስሎችን ሠራ፤ ሬዝነር ለአሜሪካው ዙር ከራሱ ኪስ አውጥቶ ባዶ እጁን ቀረ። በዚሁ ጉዞ ለንደን ውስጥ ዕፅ አብዝቶ ለሞት ተቃርቦ ነበር፤ በ2001 ከሱስ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ

በኖቬምበር 2000 ከአልበሙ ሥራዎች እንደገና የተቀነባበሩበት «ቲንግስ ፎሊንግ አፓርት»፣ በ2002 ደግሞ የኮንሰርት ቅጂ ወጣ። «ጀስት ላይክ ዩ ኢማጂንድ» የተባለው የመሣሪያ ሙዚቃ «300» ለተሰኘው ፊልም ማስታወቂያ ሲውል፣ የባንዱን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ዜማውን ለመደ። ሬዝነር ከሙዚቀኛው አቲከስ ሮስ ጋር በፊልም ሙዚቃ ሁለት ኦስካር ሲያሸንፍ፣ ብዙዎች ወደ «ዘ ፍራጃይል» ተመልሰው መነሻውን እዚያ አገኙት። ፒችፎርክም በ2017 አልበሙን እንደ አዲስ ገምግሞ 8.7 ሰጠው።

ግምገማው የወጣው አልበሙ በሸክላ በድጋሚ በታተመበት ወቅት ነው። አብሮት «ዲቪዬሽንስ 1» የተባለ ባለአራት ሸክላ እትም ቀርቧል፤ የዘፋኙ ድምፅ ተነሥቶ በመሣሪያ ብቻ የቀረቡትን፣ የተለወጡትን እና ጨርሶ ያልታተሙትን ጨምሮ 37 ሥራዎች አሉበት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የታተመው። ስሙ ላይ ቁጥር አንድ አለ፤ ቁጥር ሁለት እስካሁን አልመጣም።