ቤታ ብሎከር ምንድን ነው? «ሁሉም ያው ነው» ለሚሉኝ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጣች። ለፖትስ (ሰው ሲቆም ልቡ ከልክ በላይ የሚመታበት ሕመም ነው) ፕሮፕራኖሎል የሚባል ቤታ ብሎከር 10 ሚሊግራም ታዞላት ነበር። እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት ሌላ ቦታ ስትጠይቅ «እሱ አልቋል፣ አቴኖሎል ውሰጂ፣ ሁሉም ያው ነው» ብለው ሌላ ቤታ ብሎከር ሰጧትና ባለ 50 ሚሊግራሙን ይዛ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ከአልጋ መነሳት አቃታት። «ያው ነው» የምትለዋን ነገር ዘንድሮ ስንቴ እንደሰማኋት እኔ ነኝ የማውቀው።

ያው አይደለም። ቤታ ብሎከር የቤተሰብ ስም እንጂ የአንድ መድኃኒት ስም አይደለም። ልብን የሚያስሮጠው አድሬናሊን የሚያርፍባቸው ቤታ የሚባሉ ተቀባዮች አሉ። ቤተሰቡ በሙሉ እነዚህን ተቀባዮች ቀድሞ ይይዛል፤ አድሬናሊኑ ማረፊያ ያጣል። የሚያመሳስላቸው ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጠባያቸው ለየቅል ነው። ፖትስ ደግሞ ሰው ሲቆም በ10 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምቱ በደቂቃ 30 እና ከዚያ በላይ የሚጨምርበት ሕመም ነው፤ ከ12 እስከ 19 ዓመት ባሉት 40። ግፊቱ አይወርድም።

አዳማን ናዝሬት እያለ ያደገ ሰው ጋሪ አይጠፋውም። ውኃ የሚያመላልስ ጋሪ እንበል። ፈረሱ ልብ ነው፣ ጄሪካኑ ደም፣ አለንጋው አድሬናሊን። ሰው ሲቆም ደሙ እግርና ሆድ ውስጥ ከቀረ ጋሪው የሚጭነው ጄሪካን ይጎድላል። ቤት ያለው ውኃ ይጠብቃል። ስለዚህ አለንጋው ይነሳል፣ ፈረሱ ይሮጣል፣ ምልልሱ ይበዛል። ጄሪካኑ ሞልቶለት አለንጋ የሚያበዛ ባለጋሪም አለ፤ ሁሉም ፖትስ አንድ ዓይነት አይደለም። አሁን ፈረሱን ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩት። ሩጫው ቆመ፤ ቤቱም ውኃ አጣ። የምንፈልገው ፈረሱን ማሰር አይደለም፣ አለንጋውን ቀለል ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ «መጠኑ ከፍ ሲል ይበልጥ ይሠራል» ብሎ ሊሞግተኝ ሞክሯል። ለግፊት ይሆን ይሆናል። ለፖትስ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። 20 ሚሊግራም ፕሮፕራኖሎል የልብ ምቱንም ቀንሷል፣ ሕመምተኞቹም ቀለል ብሏቸዋል። 80 ሚሊግራም ሲሰጣቸው ምቱ ይበልጥ ወረደ፤ ሰዎቹን ግን ይበልጥ አላሻላቸውም። ቁጥሩ ስላማረ ሰውየው ተሻለው ማለት አይደለም።

የጎንዮሽ ጉዳቱም እንደየመድኃኒቱ ነው። ፕሮፕራኖሎል በስብ ስለሚሟሟ አንጎል ውስጥ ይገባል፤ ሕልም የሚያስፈራው፣ እንቅልፍ የሚረበሽበት ሰው አለ። ቶሎ ከሰውነት ይወጣል፤ አንዳንዴ ይህ ራሱ ይጠቅማል፣ ፖትስ ብዙ ጊዜ ጠዋት ነው የሚብሰው። ልብ ላይ ብቻ አይቆምም፣ የሳንባን ቧንቧም ስለሚያጠብ አስም ላለበት አይሆንም። አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎልና ቢሶፕሮሎል ይበልጥ ልብ ላይ ያተኩራሉ። መጠኑ ሲጨምር ግን ይህ ጨዋነታቸው ይጠፋል፤ «ለአስም ችግር የለውም» የሚል ሰው ይጠንቀቅ። አቴኖሎል አንጎል ብዙም አይደርስም፤ የሚወጣው በኩላሊት ነውና ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ ይከማቻል። ካርቬዲሎል የደም ሥርንም ያሰፋል። ለፖትስ እሱን መስጠት ጄሪካኑን መብሳት ነው።

ድካም፣ መፍዘዝና የእጅ መቀዝቀዝ በሁሉም ሊመጣ ይችላል። ፖትስ ያለበት ሰው ድሮም ደካማ ነው። ድካሙ የሕመሙ ይሁን የኪኒኑ መለየት የሁላችንም ራስ ምታት ነው።

ሳትጠይቁኝ ልጨምር። የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ሳይደረግ «ፖትስ ነው» ማለት ችኮላ ነው። ጫት እየቃሙ ልብን ለማረጋጋት ኪኒን መዋጥ በአንድ እጅ ልጓም እየሳቡ በሌላው አለንጋ ማንሳት ነው። ስኳር ያለበት ሰው ስኳሩ ሲወርድ የሚሰማው የልብ ድለቃና መንቀጥቀጥ ይደበዝዝበታል፣ ላቡ ግን ይቀራል። ለወራት የወሰዱትን በድንገት ማቆምም አይገባም፤ አለንጋ የረሳ ፈረስ በመጀመሪያው ምት ይበረግጋል። ውኃም አለ። በአዳማ ሙቀት ጾም ይዞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የዋለ ሰው ጄሪካኑ ከጠዋት ጀምሮ ጎድሏል። ግፊትና ኩላሊት ጤነኛ ከሆኑ ውኃና ጨው መጨመር ከኪኒን በፊት ይመጣል።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ሰምታ «ታዲያ ዶክተር፣ ጥሩው የትኛው ነው?» አለችኝ። ፋርማሲስት ነኝ ማለቱን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

«አስም አለብሽ?» አልኳት።

«አሁን እንኳ የለብኝም። ልጅ እያለሁ ግን የሚነፋ መድኃኒት ነበረኝ።»

«ለሐኪሙ ነግረሽዋል?»

«አልጠየቀኝም።»

ማዘዣውን ገልብጬ የሐኪሙን ስልክ ፈለግኩ።