የአባይ በረሃ መንገድ፦ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሰላሌ በኩል ደብረ ማርቆስ የሚገባው አውራ ጎዳና 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አብዛኛው ደጋ ለደጋ የተዘረጋ በመሆኑ ለሠሪውም ለነጂውም ብዙ አያስቸግርም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ግን አባይ በረሃ ነው። ሾፌሮች «በረሃው እንዴት ነው?» ብለው ሲጠያየቁ ይህን ቁራጭ ማለታቸው ነው፤ የቀረውን መንገድ የሚጠይቅ የለም።

መንገዱ ከአዲሱ ገበያ የእንጦጦን ዳገት ወጥቶ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይወርዳል። ጫንጮ ላይ ወደ ደርባ ሲሚንቶ ፋብሪካ የሚወስደው ይገነጠላል፤ ከዚያ መለስ ያለው ክፍል የከባድ መኪና ጫና የሚበዛበት ነው። ሙከ ጡሪ ላይ ደግሞ የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ዓለም ከተማ የሚደርሰው መንገድ ወደ ቀኝ ይሄዳል። 100 ኪሎ ሜትር አለፍ እንዳሉ የደብረ ሊባኖስ ገዳም መገንጠያ በስተቀኝ ይገኛል። ፍቼ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ያለች ናት፤ ከእሷ በኋላ ገብረ ጉራቻ፣ ቀጥሎ 185ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጎሐ ጽዮን ትመጣለች። እዚህ ደጋው ያልቃል።

መኪና ከመምጣቱ በፊት ነጋዴውና ጭነት አጋሰሱ አባይን የሚሻገሩት በበጋ፣ ውሃው በጎደለባቸው መልካዎች ነበር። ክረምት ሲገባ ጎጃምና ሸዋ ይቆራረጡ ነበር። በዚህ አቅጣጫ ለመኪና የሚሆን መንገድ የከፈተው ጣሊያን በወረራው ዘመን ነው፤ የከፈተውም ለጦሩ ነበር። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ምእመናን ወደተገደሉበት ስፍራ የተጓዙት በካሚዮን ተጭነው መሆኑ መንገዱ ምን እንዳመጣ ያሳያል። ከአራት ዓመት በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ አባይን ተሻግረው በፍቼና በደብረ ሊባኖስ በኩል ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ የደረሱት በዚሁ አቅጣጫ ነው።

ከነፃነት በኋላ በንጉሡ ዘመን በወንዙ ላይ የኮንክሪት ቅስት ድልድይ ተሠራ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋምና ከዓለም ባንክ የመጀመሪያው የመንገድ ብድር ሲገኝ አገሪቱ ጣሊያኖች ትተዋቸው የሄዱትን መንገዶች በወጉ መጠገን ጀመረች። ያ ድልድይ ለዚያ ዘመን መኪና የታሰበ ነበር። ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ሲበዛ እርጅናውም ተጨምሮ አቅም አነሰው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ከጎኑ አዲስ ድልድይ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መገባደጃ ተመረቀ፤ ዘመኑ የሚሊኒየሙ ነበርና ስሙ «ህዳሴ» ተባለ። ርዝመቱ 303 ሜትር ሲሆን በሁለቱ ዋና ምሰሶዎች መካከል ያለው 145 ሜትር ነው። ከምሰሶዎቹ አጫጭር ማማዎች የሚወርዱት ገመዶች ሸክሙን ከኮንክሪቱ ወለል ጋር ይካፈላሉ። ስለዚህ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ተጨማሪ ምሰሶ መትከል አላስፈለገም።

ብዙ ሰው ስለዚህ መንገድ ሲያነሳ ድልድዩን ነው የሚያወሳው። እውነተኛው ችግር ግን ድልድዩ ላይ ሳይሆን ግራና ቀኝ ባለው ገደል ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ውሃው 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ፤ በ20 ኪሎ ሜትር ሲካፈል በአማካይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር 7 ሜትር መውረድ ማለት ነው። በዚህ ጉዞ ውስጥ የምድሩ ንብርብር አንድ በአንድ ይታያል። ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ ጭቃማ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጀሶና ሸክላማ ድንጋይ የተቀላቀሉበት፣ መጨረሻ ወንዙ ዳር ቀይ አሸዋ ድንጋይ። ጣጣው ያለው ጀሶና ሸክላው ላይ ነው። ጀሶ በውሃ ይሟሟል፣ ሸክላው ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ከላይ ተንዶ የተከመረው ድንጋይና አፈር በዚያ ላይ እየተንሸራተተ መንገዱን ይዞት ይሄዳል።

ይህ መንሸራተት ሁሌ እንደ ናዳ በአንዴ አይመጣም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አስፋልቱ መጀመሪያ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይሰነጠቃል፤ ቀጥሎ የታችኛው ጠርዝ ይሰምጣል፤ መስከረም ላይ መኪናው በማዕበል ላይ የሚሄድ ይመስላል። ስንጥቁን በሬንጅ መድፈን ውሃው እንዳይገባ ለጊዜው ይረዳል እንጂ ከሥር የሚሄደውን መሬት አያቆምም። የኢትዮጵያና የጃፓን የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ባካሄዱት ጥናት ትኩረቱ የከርሰ ምድሩ ውሃ ላይ ነበር። ውሃውን ወደ ጎን በተቆፈሩ ቱቦዎች ማስወጣት፣ የላይኛውን ጎርፍ በቦይ መቀበል፣ ግርጌውን በጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ቅርጫት፣ መደገፍ ይቻላል። ቦዩ በደለል ከተደፈነ ግን ሁሉም ከንቱ ነው። ከክረምት በፊት ቦይ መጥረግ ከማንኛውም ውድ ግንብ በላይ መንገዱን ያቆየዋል።

ለነጂው ደንቡ አጭር ነው፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ማርሹ መግባት ያለበት አፋፉ ላይ፣ መኪናው ፍጥነት ሳይዝ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ የሚንሸራተት ሾፌር ሸክሙን ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይጥለዋል፤ የፍሬኑ ሸራ ሲግል መያዙን ይተዋል፣ የአየር ፍሬን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ አየሩ ያልቃል። የተቃጠለ ሸራ ከሸተተ ሰፊ ቦታ ፈልጎ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው እንጂ በጋለ የፍሬን ታምቡር ላይ ውሃ ማፍሰስ አይገባም፤ ይሰነጠቃል። ወደ ላይ ሲሆን ችግሩ ይገለበጣል። ሞተሩ ወንዙ ዳር ካለው ቆላ ሙቀት ተነስቶ ሳያርፍ 20 ኪሎ ሜትር ይወጣልና ራዲያተር ማፍላት የተለመደ ነው። መኪና ሲቆም ረዳቱ ታኮ ይዞ ይዘላል፤ ከኋላና ከፊት ድንጋይና ቅጠል ይደረደራል። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩን የሚያነሳ ግን ብዙ ጊዜ የለም፤ ማታ ጠመዝማዛው ላይ ለሚመጣው ይህ ከገደሉ አይተናነስም። በክረምት ማለዳ ሁለቱም አፋፍ በጉም ስለሚሸፈን ልምድ ያለው ሾፌር ጉሙ እስኪነሳ ጎሐ ጽዮን ወይም ደጀን ቁርስ በልቶ ይጠብቃል።

ደጀን ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። የቀኙ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል፤ በደብረ ማርቆስና በቡሬ ከሚዞረው ያጥራል። የግራው የጤፍ ማሳ እያቋረጠ በሉማሜ በኩል 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ማርቆስ ይደርሳል። በረሃው በናዳ ወይም በተገለበጠ ተሳቢ ሲዘጋ ለከባድ መኪና ካሉት ተለዋጭ መንገዶች አንዱ በነቀምት ወጥቶ በቡሬ መመለስ ነው፤ ይህም ጉዞውን ከእጥፍ በላይ ስለሚያረዝመው አብዛኛው ሾፌር እስኪከፈት እዚያው አፋፉ ላይ ማደርን ይመርጣል።