የቦስተን ሻይ የተደፋው ግብር ስለጨመረ አይደለም

“አሜሪካኖቹ የሻይ ግብር ሲጨመርባቸው ሻዩን ባሕር ውስጥ ደፉት” የሚለው ነገር ሰሞኑን ደጋግሞ ተነሳ። አይደለም። እንዲያውም ሻዩ ሊረክስ ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1767 ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶቹ በሚገባ መስታወት፣ ወረቀት፣ ቀለም፣ የእርሳስ ማዕድንና ሻይ ላይ ቀረጥ ጣለ። ተቃውሞው ሲበረታ በ1770 ሌላውን አነሳና የሻዩን ብቻ ተወው፤ ግማሽ ኪሎ ለማይሞላ ሻይ 3 ፔንስ። የ1773ቱ የሻይ ሕግ ይህችን ቀረጥ አልነካትም። ያደረገው ሌላ ነው፤ ዕዳ ውስጥ የተዘፈቀው የእንግሊዝ የንግድ ድርጅት፣ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ፣ እንግሊዝ ውስጥ የሚከፈለው ቀረጥ ቀርቶለት፣ ራሱ በመረጣቸው ወኪሎች በኩል ሻዩን በቀጥታ ቅኝ ግዛቶቹ ውስጥ እንዲሸጥ ፈቀደለት።

ታዲያ ለምን ተቆጡ? አንድ አንተ ያልመረጥከው ኮሚቴ ከምትገዛው ዳቦ ላይ 3 ሳንቲም ይወስዳል እንበል። እምቢ ስትል የዳቦውን ዋጋ በ10 ሳንቲም ቀንሶ “በል ግዛ” ይልሃል፣ 3 ሳንቲሟ ግን አሁንም ውስጡ አለች። ከገዛህ የመቁረጥ መብቱን ተቀበልክለት ማለት ነው። ቅኝ ተገዢዎቹ ፓርላማ ውስጥ አንድም ተመራጭ አልነበራቸውም፤ ጠቡ እዚህ ላይ ነው።

ታኅሣሥ ወር 1773 ቦስተን ወደብ ላይ 342 ሣጥን ሻይ መደፋቱ የተረጋገጠ ነው። ምክንያቱ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። አንዳንዱ የመብት ጉዳይ ሆኖበት ነው፣ አንዳንዱ ነጋዴ ደግሞ (እውነቱን እንነጋገር ከተባለ) በኮንትሮባንድ የሚያስገባው የሆላንድ ሻይ ገበያ ሊያጣበት ስለነበር ነው።