አሳታፊ በጀት ምንድን ነው?

የቀበሌ ስብሰባ እንዴት እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ። ሰብሳቢው ዕቅዱን ያነባል። «አሁን መድረኩ ክፍት ነው» ይላል። አንዲት እናት ስለ ፍሳሹ ያመለክታሉ፤ አንዱ ስለ መንገድ መብራት ያነሳል። ሁሉም «ተይዟል» ይባላል። ዕቅዱ ግን ተሰፍቶ ያለቀ ነው። (ለኮብልስቶን አዋጡ ሲባል ግን ማንም አይረሳንም።)

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 43 ላይ ዜጎች አካባቢያቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ሐሳባቸውን እንዲጠየቁ መብት ይሰጣል። መጠየቅ ጥሩ ነው። አሳታፊ በጀት ግን ከዚያ አንድ እርምጃ ያልፋል። ነዋሪው «ይህን ገንዘብ የቱ ላይ እናውለው?» ተብሎ ይጠየቃል፣ መልሱም በጀቱ ውስጥ ይገባል።

አሠራሩ የተጀመረው በደቡብ ብራዚል፣ በፖርቶ አሌግሬ ከተማ ነው። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ኦሊቪዮ ዱትራ የሚባሉ የሠራተኞች ፓርቲ ሰው ከንቲባ ሆኑ። ካዝናው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ከገቢው አብዛኛው ለደሞዝ ይሄዳል። ሕዝቡ ተሰብስቦ የጠየቀው ስላልተሠራለት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ገቢው አድጎ አስፋልትና ቧንቧ በዓይን መታየት ሲጀምር ነው አዳራሹ የሞላው። በ1999 ወደ 40,000 ሰው ተሳትፏል።

እኔን የሚገርመኝ ሕጉ ነው። ከተማዋ በ16 ቀጠና ተከፈለች። የየቀጠናው ነዋሪ ተሰብስቦ መንገድ፣ ፍሳሽ፣ ቤት እያለ ፍላጎቱን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ተወካይም ይመርጣል። የተወካዮቹ ቁጥር ደግሞ የሚወሰነው በስብሰባው በተገኘው ሰው ብዛት ነው። ስለዚህ ፍሳሽ የሚያልፍበት ሰፈር ጎረቤቱን ሁሉ ቀስቅሶ ይመጣል። ሰው ስለ አበል ብሎ ሳይሆን ቁጥሩ ስለሚቆጠር ይመጣል ማለት ነው።

ግን ጉልበት ያለው ብቻ እንዳይወስድ ነጥብ አለ። ቀጠናው ምን ያህል ሕዝብ አለው? ያ አገልግሎት ምን ያህል ጎድሎታል? ነዋሪው ስንተኛ ላይ አስቀመጠው? እነዚህ እየተመዘኑ ይደመራሉ፤ ገንዘቡም በነጥቡ ይከፋፈላል። የጎደለበት ብዙ ያገኛል። ስሌቱ ግልጽ ስለሆነ «ለምን እነሱ ሰፈር ሄደ?» ለሚል ሰው መልሱ ወረቀቱ ላይ አለ።

የዓለም ባንክ እንደጻፈው የውኃና የፍሳሽ መስመር የገባላቸው ቤቶች በ1988 ከመቶ 75 ነበሩ፤ በ1997 ከመቶ 98 ደረሱ። ሁሉንም ስብሰባው ብቻውን አመጣው ማለት አይደለም፤ የከተማው ገቢም አድጎ ነበር። አቅጣጫውን የያዘው ግን ነዋሪው ነው። በኋላ ኒው ዮርክና ፓሪስም በየራሳቸው መንገድ ሞክረውታል።

ፖርቶ አሌግሬ ራሷስ? ፓርቲው በ2004 ምርጫ ተሸነፈ። ስሙ ቀጠለ፣ ስብሰባውም ቀጠለ፤ የተወሰነው ግን ሳይሠራ እየተከማቸ ሄደ። በ2017 አስተዳደሩ ሂደቱን አቋረጠው።