ፕሮባዮቲክ በግልገል አሳማዎች መኖ

ለግልገል አሳማ ጡት ከጣለ በኋላ ያለውን ሳምንት ያህል ክፉ ጊዜ የለም። በአውሮፓ እርባታዎች ግልገሎች ብዙውን ጊዜ በ3 ወይም በ4 ሳምንታቸው ከእናታቸው ይለያሉ። በተፈጥሮ ቢሆን ቀስ እያሉ ጡት ለመተው 3 ወር ገደማ ይፈጅባቸዋል። በእርባታ ግን ወተቱ በአንድ ቀን ይቀራል። ከማያውቋቸው ግልገሎች ጋር ይቀላቀላሉ፣ ደረቅ መኖም ይቀርብላቸዋል። ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ በቅጡ አይበሉም።

ጉዳቱ የሚብሰው አንጀት ላይ ነው። የተፈጨውን ምግብ ወደ ደም የሚያሳልፉት ጣት መሳይ ጥቃቅን ቅጥያዎች ያጥራሉ። ጨጓራውም ገና በቂ አሲድ አያመነጭም። በጡት ጊዜ ላክቶባሲለስ የተባሉ ባክቴሪያዎች የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ እየለወጡ ያግዙት ነበር። ወተቱ ሲቋረጥ እነሱም ይመናመናሉ፤ ቦታውን ኢ ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ጎጂ ዝርያዎች ይይዙታል። ተቅማጥ ይከተላል፣ እድገት ይቆማል፣ የሚሞትም አለ።

ለረጅም ጊዜ መፍትሔው በመኖው ውስጥ ጥቂት ጥቂት አንቲባዮቲክ መጨመር ነበር። ይህ ግን መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ያበዛል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1986 ከለከለችው። ዴንማርክ በ1990ዎቹ መጨረሻ ተከተለች፣ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2006 መጀመሪያ ጀምሮ ለእድገት ማፋጠኛነት አገደው። በዴንማርክ ትልልቆቹ አሳማዎች እገዳውን ብዙም አልተሰማቸውም። ጡት በጣሉት ላይ ግን ተቅማጥ በረታ። ምትክ ሆኖ በከፍተኛ መጠን ይሰጥ የነበረው ዚንክ ኦክሳይድ የተባለው የዚንክ ውህድም አፈርንና ውኃን ስለሚበክል በ2022 በኅብረቱ ተከለከለ።

ፕሮባዮቲክ የተፈለገው ለዚህ ክፍተት ነው። በሕይወት ያሉ ጠቃሚ ተህዋስያን ናቸው፤ ላክቲክ አሲድ አምራቾች፣ እርሾ፣ ባሲለስ የተባሉ ባክቴሪያዎች። ጎጂዎቹን በቦታና በምግብ ይሻማሉ፣ አንጀቱን ያኮመጥጣሉ፣ የሰውነት መከላከያንም ያነቃሉ። ለመኖ ፋብሪካ የሚመቸው ባሲለስ ነው። መኖው በእንፋሎት ሲጨመቅ ሙቀቱ ላክቶባሲለስን ይገድላል፤ የባሲለስ ስፖር፣ ማለትም ባክቴሪያው በጠንካራ ሽፋን ውስጥ ሆኖ የሚያንቀላፋበት መልክ፣ ግን ይቋቋመዋል።

ውጤቱ ወጥ አይደለም። አንዱ ዝርያ የሠራውን ሌላው ላይሠራ ይችላል። ንጹሕና በሽታ የሌለበት በረት ውስጥ ጥቅሙ ብዙም አይታይም፤ ጭንቀትና ተቅማጥ ባለበት ይጎላል። ስለዚህ በረት ሳያጸዱ ፕሮባዮቲክ መግዛት ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። ይልቅ ብዙም የማይወራለት መንገድ አለ፤ ከመውለዷ በፊት ለእናቲቱ መስጠት። ግልገሎች የመጀመሪያዎቹን ባክቴሪያዎች የሚያገኙት ከእናታቸው ጡትና ፋንድያ ነው፤ ጠቃሚዎቹም ገና ጡት ሳይጥሉ ይደርሷቸዋል።