የብሪታንያ የፖስታ ቤት ቁጠባ ባንክ

የብሪታንያ የፖስታ ቤት ቁጠባ ባንክ ሥራ የጀመረው ሴፕቴምበር 16 ቀን 1861 ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሠራተኛው ከደመወዙ የተረፈችውን ሽልንግ (12 ፔኒ፣ የፓውንድ አንድ ሃያኛ) በሰፈሩ ፖስታ ቤት ያስቀምጥ ነበር፤ ዋሱ መንግሥት ነበር።

ከዚያ በፊት የድሃ ገንዘብ የሚቀመጠው ባለአደራዎች በሚያስተዳድሯቸው የቁጠባ ባንኮች ነበር። ብዙዎቹ የሚከፈቱት በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ሒሳብ ያዡ ካጭበረበረም ጉዳቱ በአስቀማጩ ላይ ይወድቅ ነበር፤ በ1849 በእንግሊዟ ከተማ ሮችዴል የቁጠባ ባንክ የተገለጠው ጉድለት ይህንን ለሁሉም አሳየ። በ1859 የሃደርስፊልዱ የባንክ ሠራተኛ ቻርልስ ሳይክስ ፖስታ ቤት ቁጠባ ይቀበል የሚል ሐሳብ ለገንዘብ ሚኒስትሩ ግላድስተን አቀረበ። የፖስታ ቤቱ ሠራተኞች ፍራንክ ስኩዳሞርና ጆርጅ ቼትዊንድ አሠራሩን ነደፉ፤ ሕጉም በ1861 ጸደቀ።

አሠራሩ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ የተቀበለውን ገንዘብ በአስቀማጩ ደብተር ላይ ጽፎ ይፈርማል፤ የቀን ማኅተም ይመታበታል፤ በዚያኑ ዕለትም ለለንደኑ ዋና መሥሪያ ቤት ያሳውቃል። ለንደን በራሱ መዝገብ ካሰፈረ በኋላ ማረጋገጫውን በቀጥታ ለአስቀማጩ በፖስታ ይልካል። በ10 ቀን ውስጥ ካልደረሰው አስቀማጩ ራሱ ለለንደን መጻፍ አለበት። ኃላፊው ደብተሩ ላይ ጽፎ ገንዘቡን ኪሱ ቢከት፣ ማረጋገጫው ስለሚቀር ጉዳዩ በቀናት ውስጥ ይጋለጣል። የባንኩ እምነት የቆመው በዚህች ቁራጭ ወረቀት ላይ ነበር።

ትንሹ ተቀማጭ 1 ሽልንግ፣ የዓመቱ ጣሪያ 30 ፓውንድ ነበር። ወለዱ በዓመት 2.5 በመቶ ሲሆን በአንድ ፓውንድ በወር ግማሽ ፔኒ ይመጣል፤ ከሙሉ ፓውንድ በታች ላለው ግን አይታሰብም። ስለዚህ 1 ፓውንድ ከ19 ሽልንግ ያለው ሰው ወለድ የሚያገኘው በ1 ፓውንዱ ብቻ ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ገንዘቡ ከገባበት ቀጥሎ ካለው ወር መባቻ ሲሆን፣ ወጪ ከተደረገበት ወር በፊት ባለው ወር መጨረሻ ያበቃል። በማርች 2 የገባ 1 ፓውንድ በጁን 28 ቢወጣ የኤፕሪልና የሜይ ብቻ፣ በድምሩ 1 ፔኒ ያስገኛል።

ድክመቱ ገንዘብ ማውጣት ላይ ነበር። ማመልከቻው ለንደን ደርሶ የክፍያ ትእዛዙ እስኪመለስ ቀናት ያልፋሉ፤ ልጁ ለታመመበት ወይም ሥራ ለፈታ ሰው ይህ ከባድ ነው። በ1893 በቴሌግራም ማውጣት ተፈቀደ፤ በ1905 ደግሞ እስከ 1 ፓውንድ ወዲያው መክፈል ተጀመረ።

ሽልንግ በአንዴ ለማይሞላለትም መላ ተገኘ። ከ1880 ጀምሮ አንድ ሕፃን ባለ 1 ፔኒ ቴምብር እየገዛ በወረቀት ላይ ይለጥፋል፤ 12 ሲሞላ ወረቀቱ እንደ 1 ሽልንግ ተቀማጭ ይያዝለታል።

ጃፓን በ1875 የራሷን የፖስታ ቁጠባ ስትጀምር ከብሪታንያው አሠራር ተምራለች። የብሪታንያው ባንክ በ1969 ከፖስታ ቤት ተለይቶ የብሔራዊ ቁጠባ መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ዛሬም በመንግሥት ዋስትና ይሠራል።