የሥነ ጥበብ ማስተርስ ኦፕን ዴይ፦ ባሕር ዳር ላይ የሚወራውና እውነታው

ኦፕን ዴይ ትምህርት ቤቱ በሩን ከፍቶ ስቱዲዮውን፣ መምህራኑንና ተማሪዎቹን ለአመልካቾች የሚያሳይበት ቀን ነው። ብዙ የውጭ ትምህርት ቤቶች በዙምም ስለሚያዘጋጁት ጣና ዳር ሆኖ መካፈል ይቻላል። ከባሕር ዳር ለማመልከት በሚያስቡ ሠዓልያንና ዲዛይነሮች መካከል ግን ቀኑን ከንቱ የሚያስቀሩ ወሬዎች ይዘዋወራሉ።

«ድረ ገጹ ላይ ያለውን ነው የሚደግሙት»

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ገለጻ እውነትም ብዙ ጊዜ ድግግሞሽ ነው። ቁም ነገሩ ያለው በስቱዲዮ ጉብኝቱና በጥያቄው ሰዓት ነው። ሲጎበኙ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ሥራ ይልቅ ክፍሉን ይዩ፦ ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ቦታ አለው ወይስ በጋራ ነው? የውኃ ማጠቢያ አለ? የቀለም ማቅጠኛ ሽታ የሚያስወጣ ማራገቢያ አለ? ማታና ቅዳሜ ይከፈታል? የእንጨት፣ የብረትና የኅትመት ወርክሾፖች ብዙውን ጊዜ የደኅንነት ሥልጠና ላልወሰደ ሰው አይፈቀዱም፤ ሥልጠናው በየትኛው ወር እንደሚሰጥ ይጠይቁ። የአንድ ዓመት ትምህርት ላይ ሁለት ወር ወረፋ መጠበቅ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

መምህሩን «ክትትሉ እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁት «በየጊዜው እንገናኛለን» ይላል። ተማሪውን «ባለፈው ወር ከአማካሪህ ጋር ስንቴ ተገናኘህ?» ይበሉት፤ ቁጥር ይነግርዎታል። ሌላው ብዙ ሰው የማይጠይቀው፣ አብሬው ልሥራ ያሉት መምህር በሚቀጥለው ዓመት በምርምር ፈቃድ ላይ ይሆን እንደሆነ ነው። ስሙ ድረ ገጹ ላይ ስላለ ሰውዬው ክፍል ውስጥ ይኖራል ማለት አይደለም።

«2:00 ከተባለ ሁለት ሰዓት ነው»

ለንደን ከቀኑ 2:00 ሲሉ በክረምታቸው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ግን ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚያሻግሩ 10 ሰዓት ይሆናል። ብዙ ኦፕን ዴዮች በጥቅምትና በኅዳር ስለሚውሉ ለውጡ ልክ በመካከል ይገባል። መብራት ከጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳልና ስልክ ላይ የሞባይል ዳታ አስቀድሞ ይሞላ። መመዝገብ አይቅር፤ የስብሰባው ቅጂ ብዙ ጊዜ የሚላከው ለተመዘገበ ሰው ነው።

«ሥራዬን እዚያው ካዩት ይቀበሉኛል»

አይቀበሉም። ቅበላ በማመልከቻ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የፖርትፎሊዮ (የተመረጡ ሥራዎች ስብስብ) ምክር የሚሰጡበት የተለየ ሰዓት አላቸው፤ ቀድሞ ቦታ ማስያዝ ያስፈልጋል፣ የሚሰጠውም አጭር ደቂቃ ነው። ለዚያ አምስት ስድስት ሥራ ይበቃል። ለማመልከቻው ብዙዎቹ ከ10 እስከ 20 ምስል ይጠይቃሉ።

ምስሎቹ የሚበላሹት ብዙ ጊዜ በፎቶው ነው። የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ የቀለሙን ገጽ ያበራዋል፤ ጥላ ውስጥ ወይም ሰማዩ ስስ ደመና ሲለብስ ያንሡ። ሰማያዊ ላስቲክ ወይም ቅጠላማ ዛፍ ሥር ከሆነ ሥዕሉ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ይመታል። መስታወት ካለው ያውልቁት። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብለው ትንሽ ዙም ያድርጉ፤ ቀርበው በሰፊው ሌንስ ካነሡ ጠርዞቹ ይጎብጣሉ። ፋይሉን በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ፤ አለዚያ ይጨመቃል።

የእያንዳንዱ ሥራ መግለጫ ላይ ርዕስ፣ ቁሳቁስ፣ ቁመትና ወርድ በሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ ዓመት ይጻፋል። ዓመቱ በፈረንጆች ይሁን። በጥር 2016 የተሠራን ሥዕል «2016» ብለው ከላኩ ገምጋሚው የስምንት ዓመት አሮጌ ሥራ ያየ ይመስለዋል፤ እውነተኛው 2024 ነው።

«የጣናን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ካስገባሁ በልዩነቴ ይወስዱኛል»

ተቃራኒውም ይወራል፦ ውጭ ሀገር እንደ ጥበብ አይቆጠርም ይባላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ለጎብኚ የሚሸጥ፣ በብራና ላይ የተቀዳ ቅዱስ ጊዮርጊስ የእጅ ችሎታን ያሳያል እንጂ የሠዓሊውን ጥያቄ አያሳይም። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄዶ የመቅደሱ ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሠርተው በጭቃና ጭድ ግድግዳ ላይ መለጠፋቸውን ያስተዋለ፣ ጨርቁ ከጨርቅ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ተከትሎ የራሱን ሥራ የሠራ ሰው ግን ገምጋሚውን ያስቆማል። በኦፕን ዴዩ ላይ ከመምህራኑ በጨርቅ፣ በግድግዳ ሥዕል ወይም በቅርስ ጥገና የሚሠራ ካለ መጠየቅ ተገቢ ነው።

«የሥዕል ዲግሪ ከሌለ አይቻልም»

ብዙ ፕሮግራሞች ፖርትፎሊዮው ጠንካራ ከሆነ ከሌላ መስክ የመጣውንም ያያሉ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት የተማረ ሰው በጨርቃጨርቅ ጥበብ ማመልከት ይችላል። የግድ የሚያስፈልግ መስፈርት ካለ በጽሑፍ ይጠይቁ።

«ኤም ኤ እና ኤም ኤፍ ኤ አንድ ናቸው»

አሜሪካ ውስጥ ኤም ኤፍ ኤ (ማስተር ኦፍ ፋይን አርትስ) አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ሲሆን ለስቱዲዮ ሠዓሊ እንደ መጨረሻ ዲግሪ ይቆጠራል። የእንግሊዝ የሙሉ ጊዜ ኤም ኤ (ማስተር ኦፍ አርትስ) በአብዛኛው አንድ ዓመት ነው። የአሜሪካዎቹ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ በታኅሣሥና በጥር ስለሚዘጋ የኅዳር ኦፕን ዴይ ለማጣራት ይጠቅማል እንጂ ለመጀመር ይረፍዳል።

«ስለ ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነው»

ነውር የለውም፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ይለያል። ስለ ክፍያ የቅበላ ክፍሉን፣ ስለ ሸራ፣ ቀለምና የሸክላ መተኮሻ ምድጃ ወጪ ተማሪውን ይጠይቁ። የእንግሊዝ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል የሆነው ቼቭኒንግ ለአንድ ዓመት የእንግሊዝ ማስተርስ የሚሰጥ ሲሆን 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ ከኦፕን ዴይ በፊት ሰዓቱን መደመር ይቀድማል።

«ሀገር ውስጥ ከሆነ ፖርትፎሊዮ ይበቃል»

አይበቃም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ ለመማር የትምህርት ሚኒስቴርን ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ምዝገባው በኦንላይን ነው፤ ስምዎ ከዲግሪው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን ሳያዩ አይላኩት።